በቀቀኑና የቤታችን አንደበት

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ልጅ አፉን ሲፈታ መልካም ቃል ከወጣው «ማሻአላህ! የእኛ ልጅ» እንላለን። ክፉ ቃል ከወጣው ግን ዓይናችን ወደ ጎረቤት፣ ወደ ትምህርት ቤት፣ ወደ ቴሌቪዥን ይዞራል። «ይህን ከማን ተማረ?» ለሚለው ጥያቄ መልሱን ሁልጊዜ ከበር ውጭ ነው የምንፈልገው። አላህ (ሱ.ወ.) ሲሻ ደግሞ ለአንድ ቤተሰብ ትምህርቱን ባልታሰበ መንገድ ይልክለታል። ወደ እኛ ቤት የመጣው ትምህርት ግራጫ ላባ የለበሰ፣ ቀይ ጅራት ያለው፣ በሽቦ ቤት ውስጥ የተቀመጠ በቀቀን ነበር።

ወፉ ከእኛ በፊት ሌላ ቤት ነበረው። ባለቤቶቹ ወደ ውጭ አገር ሲሄዱ «የአላህ አማና ነው» ብለው ሰጡን። ማን እንደሆኑ አልጽፍም። ስማቸውን የሸሸግሁበት ምክንያት የዚህ ጽሑፍ አንዱ ቁም ነገር ስለሆነ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

የምንኖረው ሀይሌ ጋርመንት ነው። ሰፈራችን ጸጥታ የሚገኝበት ሰፈር አይደለም። የአትክልት ተራ ገበያ ከፒያሳ ተነስቶ፣ በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት በ2012 ዓ.ም. ጃንሜዳ ከሰነበተ በኋላ በ2013 ዓ.ም. ወደዚህ ከመጣ ወዲህ ደግሞ ቲማቲምና ሽንኩርት የጫኑ አይሱዙዎች ከሱብሒ በፊት መድረስ ይጀምራሉ። በቀቀኑ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይህን ሁሉ ያዘ። መኪና ወደ ኋላ ሲሄድ የሚያሰማውን ጢጥታ፣ የታክሲ ረዳቱን «ጀሞ! ጀሞ!»፣ ሙአዚኑ አዛን ከማለቱ በፊት ጉሮሮውን ሲጠርግ የሚሰማውን ድምፅ ሳይቀር አሳምሮ ይቀዳ ነበር። ልጆቹ በሳቅ ይፈነዱ ነበር።

የማያስቀው ግን ይበዛ ነበር። ማለዳና ማታ ጣራ የሚበሳ ጩኸት ይጮኻል። እጁን ያስጠጋለትን ሰው ደም እስኪወጣ ይነክሳል። የደረቱን ላባ በገዛ መንቁሩ እየነቀለ ቆዳው ራቁቱን ቀርቷል። ከሁሉ የከበደው አራተኛው ነበር። በር በኃይል በተዘጋ ቁጥር በጎልማሳ ወንድ ድምፅ «ውጪልኝ ከቤቴ!» ይላል፤ ወዲያው አስከትሎ እንደ ትንሽ ልጅ ያለቅሳል። ቃሉና ልቅሶው አይነጣጠሉም፤ ሁልጊዜ ተከታትለው ነው የሚወጡት። መጀመሪያ የሰማን ዕለት የአምስት ዓመቷ ልጄ «ኡሚ፣ ማነው የሚያለቅሰው?» እያለች ክፍል ለክፍል ስትፈልግ ነበር።

ምክር የሚሰጥ ሰው አልጠፋም። አንዱ «ውሃ ርጩበት» አለ። ሌላው «ጨለማ ክፍል ክተቱት፣ ያኔ ይገባዋል» አለ። «መርካቶ ውሰዱት፣ የሚናገር ወፍ ዋጋ ያወጣል» ያለም፣ «ልቀቁት፣ ሰደቃ ይሁናችሁ» ያለም ነበር። ከወሎ የመጡት አማቴ ግን ሙስበሓቸውን እየቆጠሩ ሲያዳምጡት ሰነበቱና፣ «ልጄ፣ እንስሳ ምን ያውቃል? የሰማውን ነው የሚመልስ። ወፉን ተይውና ላሰሙት ሰዎች ዱዓ አድርጊላቸው» አሉኝ።

አማናው ምን ይጠይቃል?

ወፍን በቤት ማኖርን በተመለከተ ዑለሞች ብዙ ጊዜ የሚጠቅሱት የአቡ ዑመይርን ታሪክ ነው። ቡኻሪና ሙስሊም ከአነስ (ረ.ዐ.) እንደዘገቡት፣ የአነስ ትንሽ ወንድም የሆነው አቡ ዑመይር ኑገይር የተባለች ትንሽ ወፍ ነበረችው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ልጁን ባገኙት ጊዜ ስለ ወፊቱ ይጠይቁት ነበር። የአንድ ሕፃን ወፍ ምን እንደሆነች መጠየቅ ለአላህ መልእክተኛ ትንሽ ጉዳይ አልነበረም። በ4ኛው የሂጅራ ክፍለ ዘመን የነበሩት ኢብኑል ቃስ አጥ-ጠበሪ የተባሉት ዓሊም ከዚህች አጭር ሐዲስ 60 ያህል ቁም ነገሮችን አውጥተው ራሱን የቻለ ጽሑፍ አዘጋጅተውባታል። ከእነዚህ አንዱ፣ ወፍን ሳያሠቃዩ በቤት ማኖር የሚፈቀድ መሆኑ ነው።

«ሳያሠቃዩ» የሚለው ቃል ግን ቀላል አይደለም። ድመቷን አስራ ሳታበላት፣ ራሷም ፈልጋ እንዳትበላ ሳትለቃት በመቅረቷ የተቀጣችውን ሴት ታሪክ የማያውቅ ሙስሊም ቤተሰብ የለም። የሚቀጥለውን ግን ብዙዎቻችን አናስታውሰውም። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) አስቸጋሪ ግመል ላይ ተቀምጠው ወዲያና ወዲህ ሲያመላልሱት፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ለዘብተኛ እንዲሆኑ መከሯቸው፤ ለዘብተኝነት ያለበት ነገር ሁሉ እንደሚያምር፣ ከተነፈገው ደግሞ እንደሚበላሽም አስተማሯቸው። ይህ በሙስሊም ዘገባ ውስጥ ይገኛል። እስቲ እናስተውል። ስለ ለዘብተኝነት በየሚንበሩ የምንሰማው ታላቅ ትምህርት የተነገረው ጠባየ ክፉ በሆነ እንስሳ ምክንያት ነው።

«ልቀቁት» የሚለውም ምክር ሲያዩት ርኅራኄ ይመስላል። ግራጫው በቀቀን ግን የእኛ አገር ወፍ አይደለም። አገሩ ከጋና፣ ከካሜሩንና ከኮንጎ ደኖች አንስቶ እስከ ኡጋንዳና ምዕራብ ኬንያ ያለው ሞቃት ምድር ነው። በሰው እጅ ያደገ በቀቀን በአዲስ አበባ ብርድ መብሉን ራሱ ፈልጎ አይኖርም፤ እሱን መልቀቅ ሞት መፍረድ ነው። የእኛዎቹ ሌሎች ናቸው። ግንባሩ ቢጫ የሆነው አረንጓዴ በቀቀን ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም ላይ የትም አይገኝም። ክንፏ ጥቁር፣ ወንዱ ግንባሩ ቀይ የሆነው ትንሿ በቀቀን ደግሞ የኢትዮጵያና የኤርትራ ደጋ ወፍ ስትሆን በአዲስ አበባ ዛፎች ላይ ሳይቀር ትታያለች። እነዚህን ከዛፍ አውርዶ ሽቦ ውስጥ መክተት ሌላ ነገር ነው። አቡ ዳውድ እንደዘገቡት፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ጫጩቶቿ የተወሰዱባት ወፍ ስትንገላታ አይተው ልጆቿ እንዲመለሱላት አዘዋል። ባገራችንም የዱር እንስሳት አዋጅ ቁጥር 541/1999 አለ። ግራጫውን በቀቀን በተመለከተ ደግሞ፣ ከዱር እየታፈነ መሸጡ ስለበዛ አገሮች እ.ኤ.አ. በ2016 ጆሃንስበርግ ላይ ተሰብስበው ከዱር የተያዘውን ለንግድ ከአገር አገር ማዘዋወርን ከልክለዋል። ወፋችን ከዚያ በፊት የመጣ ነው። ስለዚህ መሸጡም መልቀቁም ቀርቶ ጠባዩን ማረም ግዴታችን ሆነ።

ጠባዩ ከየት መጣ?

በቀቀን በተፈጥሮው የመንጋ ወፍ ነው። ሱረቱል አንዓም (6፡38) በክንፎቻቸው የሚበርሩት ሁሉ እንደ እኛ ሕዝቦች መሆናቸውን ያስተምረናል፤ በቀቀንን ላጠና ሰው ይህ ግልጽ ሆኖ ይታየዋል። በአሜሪካ አይሪን ፔፐርበርግ የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1977 ከሱቅ የገዛችው አሌክስ የተባለ ግራጫ በቀቀን፣ እ.ኤ.አ. በ2007 እስኪሞት ድረስ ቀለምና ቅርጽ ለይቶ መናገርን፣ እስከ ስድስት መቁጠርንም ተምሮ ነበር። እንዲህ ያለ ፍጡር ብቻውን ጥግ ውስጥ ተቀምጦ ቀኑን ሙሉ የሱፍ ፍሬ ሲፈለቅቅ ቢውል ምን ይሆናል? ይጮኻል፤ ይነክሳል፤ ላባውን ይነቅላል።

ሥራችንን የጀመርነው ከእንስሳት ሐኪም ነው። ላባ መንቀል ከብቸኝነት ብቻ ሳይሆን ከበሽታና ከምግብ ጉድለትም ስለሚመጣ አስቀድሞ መመርመር አለበት። ሐኪሙ የሱፍ ፍሬ ብቻ መብላቱ ቫይታሚን ኤና ካልሲየም እንደሚያጓድልበት ነገሩን። በዚህ ረገድ አትክልት ተራ ጎረቤታችን መሆኑ በጀን። ካሮት፣ ቆስጣ፣ ጎመን፣ ዱባ እየከተፍን እንሰጠው ጀመር። ቃሪያ ሲበላ ያየ ሁሉ ይገረማል፤ ወፎች የሚጥሚጣን ማቃጠል አይሰማቸውም፤ ቃሪያ ደግሞ ለእነሱ ደግ ምግብ ነው። አቮካዶ፣ ቡናና ቸኮሌት ግን መርዝ ናቸው። ጫት በተቃመበት ቤትም ገራባው ወፍ በማይደርስበት መቀመጥ አለበት።

ሁለተኛው ጢስ ነው። የወፍ ሳንባ ከእኛ ይልቅ ስስ ነው፤ የከሰል ጭስ፣ እጣንና ዑድ፣ እንዲሁም ባዶውን እሳት ላይ የተረሳ የማያጣብቅ መጥበሻ ትነት ይጎዳዋል፤ የመጨረሻው ፈጥኖ ይገድለዋል። ስለዚህ የወፉን ቤት ከማድ ቤትና ቡና ከሚፈላበት ክፍል አርቀን ጀርባውን ግድግዳ አስደግፈን አስቀመጥነው። አራት ጎኑ የተገለጠ ወፍ ከየት እንደሚመጣበት ስለማያውቅ ሁልጊዜ እንደደነገጠ ነው።

ሦስተኛው እንቅልፍ ነው። በቀቀን በጨለማና በጸጥታ ከ10 እስከ 12 ሰዓት መተኛት ይፈልጋል። ሳሎን ውስጥ እስከ እኩለ ሌሊት ቴሌቪዥን የሚጮኽበት ወፍ ጠባዩ ቢበላሽ አይፈረድበትም። ከመግሪብ ጥቂት ቆይተን ወደ ጸጥተኛው ክፍል እናዛውረዋለን፤ ስስ ጨርቅም እናለብሰዋለን።

አራተኛው ጩኸቱ ነው። ማለዳና ማታ መጮኽ የመንጋ ወፍ ሁሉ ልማድ ነው፤ «አላችሁ ወይ?» እየተባባሉ ነው። ያን ፈጽሞ ማጥፋት አይቻልም። ከዚያ ያለፈው ጩኸት ግን የሚጠናው በምላሻችን ነው። ሲጮኽ ሮጠን ከደረስን፣ ወይም «ዝም በል!» ብለን ከጮኽንበት፣ ለእሱ ሁለቱም መልስ ናቸው፤ ጩኸቱ ሰው አመጣለት ማለት ነው። ስለዚህ ሲጮኽ ዝም፤ ለዘብ ያለ ድምፅ ሲያሰማ ወዲያው ስሙን ጠርተን ቀረብ እንላለን። ይህን ባለቤቴም፣ ልጆቹም፣ አማቴም እኩል መፈጸም ነበረብን፤ አንዱ የገነባውን ሌላው የሚያፈርስበት ቤት አንድም ነገር አይታረምም።

አምስተኛው ንክሻ ነው። በቀቀን ሳያስጠነቅቅ የሚነክሰው ጥቂት ጊዜ ነው። የዓይኑ ብሌን ጠበብ ሰፋ ሲል፣ የማጅራቱ ላባ ሲቆም «አትቅረቡኝ» ማለቱ ነው። ልጆቹ ይህን ማንበብ ከተማሩ በኋላ የተነከሰ የለም ማለት ይቻላል። በእጅ ፋንታ ቀጭን እንጨት እያስጠጋን፣ እግሩን ባሳረፈ ቁጥር አንድ ፍሬ እየሰጠን፣ ቀስ በቀስ ወደ እጅ አመጣነው። መምታት፣ መንቁሩን መያዝ፣ ሽቦውን መደብደብ ፈጽሞ አይረባም፤ ፈሪን የባሰ ተናካሽ ያደርገዋል። ስድስተኛው ሥራ መስጠት ነው። ምግቡን በወረቀት እየጠቀለልን፣ የሚበጣጥሰው ካርቶንና የሚፈለፍለው ንጹሕ እንጨት እየሰጠን ስናቆየው ላባውን መንቀል እየተወ መጣ።

ያ ቃል

«ውጪልኝ ከቤቴ!» የሚለውስ? በዚህ ጉዳይ የሚጠቅም ምሳሌ በእንግሊዝ አገር ተፈጽሟል። እ.ኤ.አ. በ2020 በሊንከንሻየር የዱር እንስሳት ፓርክ ከተለያዩ ቤቶች የተሰጡ አምስት ግራጫ በቀቀኖች አንድ ክፍል ውስጥ ተቀመጡ። እርስ በርስ ስድብ ይለዋወጡ ጀመር። ሰዎች ሳቁ፤ በተሳቀ ቁጥር ስድቡ በረታ። በመጨረሻ ፓርኩ በቀቀኖቹን ለያይቶ ከጎብኚ ዓይን ማራቅ ግድ ሆነበት። ክፉ ቃል የሚያድገው በሚያዳምጠው ጆሮና በሚስቀው ጥርስ ነው። ልጅ ሲሳደብ «አፉ እንዴት ያምራል» እያሉ የሚስቁ ዘመዶች ያሉት ወላጅ ይህን ያውቀዋል።

እኛም ለዚያ ቃል ሳቅም ቁጣም ነፈግነው። በሮቹ በኃይል እንዳይዘጉ ጠርዛቸው ላይ ጎማ ለጠፍን። በምትኩ ሌላ ቃል እናሰማው ጀመር፤ አማቴ ዘወትር ጎረቤት የሚጠሩበትን «ኑ ቡና ጠጡ!»። ይህን በሞከረ ቁጥር ይመሰገናል፤ ፍሬም ይሰጠዋል። አንድ ልጅ «ቁርኣን እናስቀራው» ብሎ ነበር፤ ነገር ግን የአላህን ቃል ከአይሱዙ ጢጥታ ጋር ለሚቀላቅል መጫወቻ ማድረጉ ተገቢ ሆኖ አልታየንም።

በዚህ መካከል ነው የባሰው ፈተና የመጣው። ወሬው በሰፈር ተሰማና የጎረቤት ልጆች መስኮታችን ሥር እየተሰበሰቡ በር ደብድበው «የሰውየውን ጠብ» ለማስነገር ይሞክሩ ጀመር። አንድ ወጣት በስልኩ ቀርጾ ሊያሰራጭ ጠየቀን። አዋቂዎችም ቡና ላይ ሆነው «ለመሆኑ ከማን ቤት የመጣ ነው?» ይሉ ነበር። ሱረቱል ሑጁራት (49፡12) ነውርን ከመሰለልና ከሐሜት ይከለክለናል። ወፉ አልሰለለም፤ አላማም፤ ኃላፊነት የሌለበት ፍጡር ነው። የወፉን ቃል ተቀብሎ ባለቤት የሚፈልግለት ሰው ግን ሐሜተኛ ነው። የሙስሊምን ነውር የሸፈነ አላህ በቂያማ ቀን ነውሩን እንደሚሸፍንለት ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ.) ባስተላለፉት ሐዲስ ተነግሯል።

ባለቤቴ አንድ ምሽት እንዲህ አለ፦ «ይህ ቃል ከዚያ ቤት ሰዎች መውጣቱን በምን እናውቃለን? ወፍ አይደል? ከቴሌቪዥን ድራማ የቀዳው ቢሆንስ?» ከዚያ ወዲህ ስለዚያ ቤት በቤታችን የተነሳ ነገር የለም። ለጠያቂውም መልሳችን «አማና ነው» የሚል ብቻ ሆነ። የጎረቤት ልጆችን ግን አላባረርናቸውም። ወደ ቤት አስገብተን «ቀስ ብሎ የሚያናግረውን ሰው ነው የሚወደው» አልናቸው። አሁን በር የሚደበድብ የለም፤ ካሮት ይዘው የሚመጡ ግን አሉ።

የእኛስ ድምፅ?

አልሐምዱ ሊላህ፣ የደረቱ ላባ በቅሏል። «ኑ ቡና ጠጡ!» የሚለውን ተክኖበት በጾም ቀን ሳይቀር ጎረቤት ይጠራል። የድሮው ቃል ግን ፈጽሞ አልጠፋም። አንዳንድ ጊዜ፣ ማታ ጨርቁን ስናለብሰው፣ ቃሉን ትቶ ልቅሶውን ብቻ ቀስ ብሎ ያሰማል። ያን ጊዜ ትንሿ ልጄ ጠጋ ብላ «እኔ አለሁ» ትለዋለች። ዝም ይላል።

ግብፃዊው ዓሊም አድ-ደሚሪ በ8ኛው የሂጅራ ክፍለ ዘመን ስለ እንስሳት በጻፉት «ሐያቱል ሐየዋን» ውስጥ ለበቀቀን ራሱን የቻለ ቦታ ሰጥተውታል። ከጥንት ጀምሮ ሰው በዚህ ወፍ የተደነቀው የራሱን ድምፅ ስለሚመልስለት ነው። በመካከላችን ያለው ልዩነት ግን ትልቅ ነው። ሱረቱ ቃፍ (50፡18) የሰው ልጅ የሚናገረው ሁሉ በመላእክት እንደሚመዘገብ ያስተምረናል። በቀቀኑ የሚለው አይጻፍበትም፤ ያስተማረው ሰው ያለው ግን ተጽፏል።

ግራጫ በቀቀን በደህና ከተያዘ 40 ዓመትና ከዚያም በላይ ይኖራል። ስለዚህ ይህ ወፍ ከእኔና ከባለቤቴ በኋላም ይኖር ይሆናል። አንድ ቀን እኛን ከማያውቅ ቤተሰብ ሳሎን ተቀምጦ የእኛን ቤት ድምፅ ያሰማል። እነዚያ ሰዎች በመልካችን፣ በዕቃችን፣ በሶላታችን ብዛት አያውቁንም፤ ወፉ በሚመልሰው ድምፅ ብቻ ያውቁናል። ልጆቻችንም እንዲሁ ናቸው። ነገ በየትዳራቸው፣ በየልጆቻቸው ፊት የሚናገሩት ዛሬ በዚህ ጣራ ሥር የሰሙትን ነው። በቀቀኑ ቢበዛ አንድ ቤት ያሰማል፤ ልጆቻችን ግን የብዙ ቤቶች መሠረት ናቸው።

አላህ ቤቶቻችንን የመልካም ቃል ቤቶች ያድርግልን፤ በጠብና በልቅሶ ያደሩትንም ቤቶች በራሕመቱ ያስታርቅልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።